ቁጥጥር የሚደረግበት ቃጠሎ የደን ወለልን ውሃ የመያዝ አቅም ምን ያህል እንደሚለውጥ በግቢ ውስጥ ለመለካት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ቁጥጥር የሚደረግበት ቃጠሎ የሚባለው በደን ወለል ላይ የተከማቸውን ደረቅ ቅጠል፣ ልጣጭና ጭራሮ ለመቀነስ ሲባል ቀኑ፣ የነፋሱ ሁኔታና ወሰኑ አስቀድሞ ተወስኖ የሚለኮስ ዝቅተኛ እሳት ነው። ዓላማው ማገዶውን አሳንሶ በኋላ ሊነሳ የሚችለውን ሰደድ እሳት ማዳከም በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ውጤቱን የሚመዝነው ምን ያህል ቅጠል እንደተቃጠለ በማየት ነው። ስለ ውሃ ለሚያስብ ሰው ግን ይህ መለኪያ አሳሳች ነው። ዝናቡ ወደ አፈር ይሰርግ ወይም ቁልቁል ይወርድ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስነው እሳቱ የበላው ሳይሆን ከእሳቱ የተረፈው ስስ ብስባሽና የአፈሩ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ መመሪያ ያንን የተረፈ ክፍል፣ ደን ውስጥ ክብሪት ሳይጫር፣ መሃል አዲስ አበባ ባለ ግቢ ውስጥ በትሪ ላይ እንዴት መለካት እንደሚቻል ያስረዳል።

ጉዳዩ ለከተማችን ሩቅ አይደለም። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሱት የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች መሃል ከተማውን አቋርጠው ያልፋሉ፤ የተራራው ወለል ያልያዘው ውሃ በሐምሌና በነሐሴ በእነርሱ በኩል ይመጣል። ተዳፋቱን የሸፈነው ደግሞ በአብዛኛው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይትና ሰም የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይነዳል፣ ቀስ ብሎም ይበሰብሳል። በዚህ ላይ የተራራው ቅጠል እሳት ባይነካውም እንኳ በቦታው አይቆይም፤ ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎና በጆንያ ታጭቆ ወደ ከተማ ይወርዳል። ስለዚህ የተቃጠለውን ካልተቃጠለው ጋር ብቻ ማነጻጸር ለእኛ አገር በቂ አይደለም፤ የተጠረገው ወለል ሦስተኛ ወገን ሆኖ መግባት አለበት።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ባለበት አገር ማንም ሰው ለሙከራ ብሎ ደን ውስጥ እሳት መለኮስ አይችልም፤ አፈርና ቅጠል ለመውሰድም ቢሆን የይዞታውን ባለቤት ወይም የሚያስተዳድረውን አካል ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰውን ሰደድ እሳት የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ዋናው ዕቃ ትሪው ነው። ምን አለሽ ተራ ያሉ የብረት ሠራተኞች ከአሮጌ ላሜራ ጎንና ጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ መሥራት አያቅታቸውም። ሲያዝዙ ሦስት ነገር ያሳስቡ፦ ከሥሩ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት፣ አንዱ ጎኑ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተቆርጦ ወደ ውጭ የታጠፈ አፍ እንዲወጣለት፣ ላሜራው ደግሞ ቀለም የተቀባ ወይም ዚንክ የተለበጠ እንዳይሆን። ቀለምና ዚንክ እሳት ሲያገኛቸው ጭሳቸው ይጎዳል፤ ሠራተኛው «ይህ ያምራል» ብሎ የሚያብለጨልጨውን ቢያሳይዎትም አይቀበሉ። ከትሪዎቹ ጋር ተመሳሳይ ስፋት ያለው፣ ክዳንም ታችም የሌለው፣ የታችኛው ጠርዙ የተሳለ አንድ ወፍራም የብረት ክፈፍ ያሠሩ፤ አፈሩ የሚቆረጠው በእርሱ ነው።

25 በ25 የተመረጠው ለሒሳብ ስለሚመች ነው። ስፋቱ የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ በመሆኑ፣ በክፈፉ ውስጥ የተመዘነው ሁሉ በ16 ሲባዛ የካሬ ሜትሩን ይሰጣል። በትሪው ላይ የፈሰሰ 62.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጋር እኩል ነው።

ከዚህ ሌላ እስከ አንድ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ የአጎበር ጨርቅና ሻሽ፣ ረዘም ያሉ ሚስማሮች፣ መርፌው የተነቀለ ስሪንጅ፣ የሰዓት መቁጠሪያ፣ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሸራ፣ ጡቦች፣ ሁለት ጄሪካን ውሃና የረጠበ ጆንያ ያስፈልጋሉ። ሙቀት መለኪያ ካልተገኘ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚጠቀሙበትን ቀጭን ሽቦ ይግዙ። ሽቦው 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ከሆነ ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ ይህ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅመን ከታች ይታያል። እርሳስ የሌለበት ዓይነት ከ217 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው።

ናሙና መውሰድ

ለአንድ ሙከራ 12 የአፈር ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ሳይነኩ ይቆያሉ፣ ሦስቱ እስከ አፈሩ ድረስ ይጠረጋሉ፣ ሦስቱ ብስባሻቸው እርጥብ ሳለ ይቃጠላሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ብስባሻቸው ደርቆ ይቃጠላሉ። የሙከራው ዋና ነገር ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወገኖች መካከል ነው።

ቦታ ሲመርጡ ሰው የሚረማመድበትን መንገድ፣ የከብት ዱካ ያለበትንና በቅርቡ የተጠረገውን ይለፉት። ያልተጠረገ ወለል ሲገኝ ሦስት ንጣፍ ይታያል፦ ከላይ ቅርጹ ያልጠፋ ደረቅ ቅጠልና ልጣጭ፣ ከሥሩ የተሰባበረና በነጭ የሻጋታ ክር የተያያዘ ቅጠል፣ በመጨረሻም በጣት ሲታሽ እንደ ቡና አተላ የሚሆን ጥቁር ብስባሽ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከጣት ውፍረት አይበልጥም፤ ሲቆርጡ እንዳይፈርስ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ግን እርሱ ነው።

ክፈፉን ቅጠሉ ላይ ያስቀምጡ፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ቅጠልና ሥር በቢላ ቆርጠው፣ ክፈፉን በመዶሻና በጣውላ እያመዛዘኑ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ያስገቡ። ከዚያ በአካፋ ከሥሩ ቆርጠው ቁራጩን እንዳለ ወደ ትሪው ያንሸራቱ፤ የአፈሩ ገጽ ከትሪው አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን በተመሳሳይ ስፋት ላይ ያለውን ቅጠልና ብስባሽ ብቻ ሰብስበው በፌስታል ይያዙ፤ ከቃጠሎ በፊት የነበረውን ክብደት የሚነግረን ይህ ነው፣ ትሪው ላይ ያለውን ነክተን መመዘን አንችልምና። አንዱ ቁራጭ ወደ 7 ኪሎ ስለሚጠጋ አሥራ ሁለቱ ለሚኒባስ ታክሲ የሚሆን ሸክም አይደሉም፤ ረዳቱ ቢፈቅድ እንኳ በመንገዱ ጉድጓድ ብስባሹ ይናጣል። አነስተኛ ፒካፕ ተከራይቶ ትሪዎቹን ፍራሽ ወይም ጆንያ ላይ አድርጎ መውረድ ይሻላል።

ከቃጠሎ በፊት የሚደረግ ልኬት

በፌስታል የመጣውን ቅጠልና ብስባሽ ለየብቻው አድርገው በ70 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ቀን ያድርቁ። ምድጃ ከሌለ በጥር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ሁለት ተከታታይ ልኬቶች እኩል እስኪሆኑ መመዘን ይቻላል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ማድረቅ ግን ቅጠሉን ስለሚያሳርር አይመከርም። ቀጥሎ ቅጠሉን በአጎበር፣ ብስባሹን በሻሽ ቋጥረው ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ አውጥተው ለ30 ደቂቃ ያህል ከሰቀሉ በኋላ ይመዝኑ። የረጠበውን ጨርቅ ክብደት መቀነስ አይዘንጋ። ከእርጥቡ ክብደት ደረቁ ሲቀነስ የሚገኘው የተያዘው ውሃ ነው።

ያልተነኩት ትሪዎች ላይ ደግሞ ከእሳት ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ሙከራ አስቀድሞ መደረግ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይህ ነው። በአንዱ ትሪ ጥግ ቅጠሉንና ብስባሹን ገለጥ አድርገው፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ በስሪንጅ አሥር የውሃ ጠብታ ያኑሩና እያንዳንዱ ጠልቆ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ። ከ5 ሰከንድ በፊት ከጠለቀ አፈሩ ውሃ አይገፋም፤ ከ5 እስከ 60 ሰከንድ ከቆየ በመጠኑ ይገፋል፤ ከ60 እስከ 600 ሰከንድ ከቆየ በኃይል ይገፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። የባሕር ዛፍ አፈር እሳት ሳይነካው እንኳ በበጋ ውሃ የሚገፋበት ጊዜ ስላለ፣ ይህ መነሻ ሳይያዝ የተገኘውን ሁሉ በቃጠሎው ማሳበብ ስህተት ነው። ውሃ በሚገፋ አፈር ላይ ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ ያየው አይስተውም።

ቃጠሎው

ለእርጥቡ ወገን በዋዜማው ምሽት በእያንዳንዱ ትሪ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀስታ አርከፍክፈው በላስቲክ ይሸፍኑ፤ በማግስቱ ጠዋት ገልጠው የላይኛው ቅጠል በእጅ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ፀሐይ ያሳዩት። ደረቁ ወገን ከናሙናው ጊዜ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይቆያል። ከመለኮስዎ በፊት ከሁለቱም ወገን ከአንድ ጥግ ትንሽ ብስባሽ ወስደው ይመዝኑና ያድርቁ፤ የጠፋው ውሃ ለደረቁ ክብደት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የእርጥበቱ መጠን ይታወቃል። ብስባሹ እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 120 በመቶ በላይ ከሆነ እሳቱ ላዩን ያልፈዋል እንጂ አይበላውም፤ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ግን ነበልባሉ ካለፈ በኋላም ራሱን ችሎ እየጨሰ ይነዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የሚወሰነው ከላይ በሚነደው ቅጠል ብዛት ነው።

በእያንዳንዱ ትሪ አራት ሚስማር፣ ራሳቸው ከቅጠሉ የላይኛው ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን፣ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ከብየዳው ሽቦ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ቁራጮች በፎይል ጠቅልለው አንዱን ብስባሹና አፈሩ በሚገናኙበት ላይ፣ አንዱን 1 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ገባ አድርገው ከጎን በኩል ያስገቡ።

ትሪውን በጡብ ላይ፣ ከግድግዳ፣ ከቆርቆሮ አጥርና ከልብስ መስጫ ርቆ፣ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ያስቀምጡ። ጎረቤትን አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው፤ የባሕር ዛፍ ጭስ ሽታ ለጉንፋን የታጠነ ሁሉ የሚያውቀው ቢሆንም ሕፃንና የአስም ሕመምተኛ ባለበት ግቢ ይህ ሥራ አይሠራም። በአንድ ጊዜ አንድ ትሪ ብቻ ይለኩሱ፣ ሁለተኛ ሰው ውሃው አጠገብ ይቁም። እሳቱን ከአንዱ ጠርዝ በክብሪት ብቻ ያስነሱ። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መጨመር ለአደጋ ከመዳረጉም በላይ ሙቀቱን ስለሚለውጥና አፈሩን ስለሚበክል ልኬቱን ዋጋ ያሳጣዋል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ውሃ አይርጩበት፤ ጭሱ እስኪያልቅ እየጠበቁ ይዩት። ደረቁ ወገን ነበልባሉ ከጠፋ ከረጅም ጊዜ በኋላም ከሥር ሊጨስ ይችላልና ትሪው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከአጠገቡ አይሂዱ።

የተረፈውን መለካት

መጀመሪያ ሚስማሮቹ ይታያሉ፤ ከአመዱ በላይ ብቅ ያለው ርዝመት የተቃጠለው ንጣፍ ውፍረት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ትሪዎች፣ የተጠረጉትና ያልተነኩትም ጭምር፣ አንድ ጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት አብረው ይቆዩ፤ የእርጥቡ ወገን አፈር ከሌሎቹ የበለጠ ውሃ ይዞ ወደ ዝናብ ሙከራው ከገባ ንጽጽሩ ይበላሻልና።

ከየወገኑ ሁለት ሁለት ትሪ ለዝናብ፣ አንድ አንድ ለቁፋሮ ይመደባሉ። ለቁፋሮ በተመደበው ላይ የተረፈውን ቅጠልና ብስባሽ ሰብስበው ደረቅ ክብደቱንና የሚይዘውን ውሃ ቀደም ሲል በተገለጸው መንገድ ይለኩ፤ አመዱን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው በአፈሩ ገጽ፣ በ1ና በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አሥር አሥር ጠብታ ያኑሩ። የብየዳው ሽቦ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ከሚነደው ቅጠል የሚተነው ሰም ወደ አፈሩ ገብቶ ቀዝቃዛ ቦታ ሲያገኝ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፋል፤ ውሃ የሚገፋው ንጣፍ በኃይል የሚፈጠረው አፈሩ ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሲሞቅ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ280 ዲግሪ ካለፈ ግን ያው ንጣፍ ይጠፋል። ስለዚህ በአፈሩ ገጽ ያለው ሽቦ ቀልጦ፣ ጠብታው በገጹ ላይ ወዲያው ጠልቆ በ1 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ ንጣፉ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። ላዩን ብቻ የሞከረ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይሄዳል። የቀለጠውንም ያልቀለጠውንም ሽቦ ለቅመው ያስወግዱ፤ እርሳስ ስለሆነ አፈሩ ወደ ጓሮ አትክልት አይደፋም።

ለዝናቡ ሙከራ የትሪውን የኋላ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያስደግፉ፤ ይህ 15 በመቶ ገደማ ተዳፋት ይሰጣል። ከአፉ ሥር አንድ ዕቃ፣ ከታች ካሉት ቀዳዳዎች ሥር ሌላ ዕቃ ያስቀምጡ። በተበሳሳው ሃይላንድ ከአንድ ሜትር ከፍታ በየ4 ደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ፣ መላውን ገጽ እያዳረሱ ያርከፍክፉ። 1,250 ሚሊ ሊትሩ በ20 ደቂቃ የወረደ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ የክረምት ዶፍ ማለት ነው። በአፉ የወጣው ጎርፍ፣ በሥሩ ያለፈው ስርገት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ከ1,250 ሲቀነሱ የሚገኘው ትሪው የያዘው ነው። በጎርፉ ዕቃ የወረደውን ደለል አዝቅጠው ማድረቅና መመዘን አይቅር፤ ሁለት ትሪ እኩል ጎርፍ ሰጥተው በደለል በጣም ሊለያዩ ይችላሉ።

ቁጥሩን ማንበብ

ሒሳቡን ለማሳየት ያህል፣ ከቃጠሎ በፊት ደረቁ ቅጠልና ብስባሽ 80 ግራም ሆኖ 160 ግራም ውሃ ያዘ እንበል። በካሬ ሜትር 1.28 ኪሎ ቅጠልና 2.56 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 2.56 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሆናል። ከቃጠሎ በኋላ 25 ግራም ብስባሽ ቀርቶ 75 ግራም ውሃ ቢይዝ፣ ክብደቱ በ69 በመቶ ሲቀንስ የሚይዘው ውሃ የቀነሰው በ53 በመቶ ነው። ልዩነቱ የመጣው ብስባሽ ከሙሉ ቅጠል ይልቅ በክብደቱ ልክ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ነው፤ የተቃጠለውን ቅጠል ብቻ የመዘነ ሰው ጉዳቱን ያጋንናል።

ቀጥሎ 2.56 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማየት ይገባል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቅጠሉ ራሱ የያዘው ውሃ ደግሞ አብዛኛው ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ይተናል እንጂ አፈር አይደርስም፤ እንዲያውም ካፊያ በሚበዛበት ወቅት ወፍራም የቅጠል ንጣፍ ከአፈሩ ውሃ ይቀማል። የንጣፉ ትልቁ ሥራ ውሃ ማጠራቀም ሳይሆን ጠብታው አፈሩን እንዳይመታና የአፈሩ ቀዳዳዎች በደቃቅ ቅንጣትና በአመድ እንዳይደፈኑ መከላከል ነው። ስለዚህ የዝናቡ ሙከራ ከነከራው ሙከራ በላይ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

እርጥብ ሳሉ የተቃጠሉት ትሪዎች ብስባሻቸው ተርፎ፣ ጎርፋቸው ካልተነኩት ብዙም ካልራቀ፣ ደረቆቹ ግን አፈራቸው ተጋልጦ ጎርፋቸውና ደለላቸው ከጨመረ፣ ልዩነቱን ያመጣው የቃጠሎው ቀን እንጂ ቃጠሎው ራሱ አይደለም። በእንጦጦ የአየር ጠባይ ሲታሰብ የላይኛው ቅጠል ደርቆ ብስባሹ ገና እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ብስባሹም ደርቆ የበልግ ዝናብ ደጃፍ ላይ ይሆናል፣ ከሁሉ የከፋውም ጥምረት ይህ ነው። በተለይ ግን የተጠረጉት ትሪዎች ቁጥር በጥንቃቄ ይታይ። የተጠረገው ወለል ከደረቁ ቃጠሎ ጋር እኩል ወይም የበለጠ ጎርፍና ደለል ከሰጠ፣ ስለ ተራራው ውሃ የሚደረገው ክርክር ከእሳቱ ወደ መጥረጊያው መዞር ይኖርበታል፤ ይህም ቅጠል በመሸጥ የሚተዳደሩትን ሴቶች ስለሚነካ ቁጥሩ በሚገባ ሳይደገም አይወራም።

ትሪ የማይነግረን ነገርም አለ። ተዳፋት ላይ እሳት ሽቅብ ሲሮጥ የሚያገኘው ነፋስ፣ ትልልቅ ሥሮች የሚከፍቱት የውሃ መንገድና ከቃጠሎው በኋላ ከዛፉ የሚረግፈው አዲስ ቅጠል ትሪው ላይ የሉም። ጠርዙም ቶሎ ስለሚቀዘቅዝና አፈሩ ሲደርቅ ከብረቱ ስለሚላቀቅ፣ ከዝናቡ ሙከራ በፊት ክፍተቱን በእርጥብ ጭቃ መድፈን ያስፈልጋል። ውሃ የሚገፋው ንጣፍ ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ የፈለገ ግን የዝናብ ሙከራ ያደረገባቸውን ትሪዎች ግቢው ውስጥ እንደተዘነበሉ ትቶ፣ በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ ጥቂት ጊዜ ከወረደባቸው በኋላ ጣራ ሥር አስገብቶ ያድርቃቸውና የጠብታውን ሙከራ በሦስቱም ጥልቀት ይድገም፤ ያንኑ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ ደግሞ ከቀድሞው ጎን ይመዝግብ።